ሪዛሙ ማን ነው?

ጀባር ሠላሳ ዓመት ሙሉ የባግዳድን የኤሌክትሪክ ቆጣሪ ሲያነብ የኖረ ሰው ነው። ከቆጣሪው በፊት የሰውን ፊት ማንበብ ለምዷል። በር ከማንኳኳቱ በፊት ትንሽ ቆሞ ያዳምጣል፤ ውስጥ ዕቃ ሲጎተት ከሰማ የሚደበቅ የመብራት መስረቂያ ሽቦ አለ ማለት ነው። ሻይ ቶሎ ያቀረበለትን ሰው ደግሞ ሁለት ጊዜ ይፈትሻል። ጡረታ ከወጣ አራት ዓመት ቢሆነውም ይህ አመል አልለቀቀውም። ሚስቱ ኒዳል፣ "ይኼ ሰው ፀሐይዋንም ከየት መጣሽ ሳይላት አይቀርም" እያለች ትስቅበታለች።

በዚያ ነሐሴ ግን የጠረጠረው ጎረቤቱን ወይም ባለሱቁን አልነበረም። የጠረጠረው የገዛ ልጁን ነው።

ነገሩ የጀመረው በደስታ ነበር። የአሥራ አምስት ዓመቷ አንድያ ልጁ ሹሩቅ የመንግሥቱን ፈተና ዘጠና አራት አምጥታ አለፈች። ኒዳል ትልቅ ድስት ዶልማ ጣደች፤ የጀባር እህትም ከልጆቿ ከሙሀነድና ከዲማ ጋር ተጠርታ መጣች። ጀባር በዘመዶቹ ፊት ደረቱን ነፋ አድርጎ፣ "በይ ንገሪኝ፤ ምላስሽ የጠራውን እገዛልሻለሁ!" አላት።

ምን እንደምትል የሚያውቅ መስሎት ነበር። ሁለት ዓመት ሙሉ ቴሌቪዥን ላይ ስለሚሰካው የጌም መጫወቻ፣ ስለ ፕሌይስቴሽን፣ ስትነዘንዘው ኖራለች። እንዲያውም ሳሎን ካለው ቴሌቪዥን ሥር ቦታ አዘጋጅቶለታል። እሷ ስትጫወት እሱ ሶፋው ላይ ጋደም ብሎ ጋዜጣውን ያነባል፤ እንዲህ ነበር ያሰበው።

ሹሩቅ ዓይኗን ከሳህኗ ሳታነሳ፣ "ኮምፒዩተር" አለች። "የጌም ኮምፒዩተር።"

"ፕሌይስቴሽን ማለትሽ ነው?"

"አይደለም ባባ። ኮምፒዩተር። ክፍሌ ውስጥ የሚቀመጥ።"

የሃያ ሁለት ዓመቱ ሙሀነድ የጎረሰውን ዶልማ ሳይውጥ ሳቀ። "ሰማችኋት? ፕሌይስቴሽን ገዝተሽ ሰክተሽ ትጫወቻለሽ፣ አለቀ። ኮምፒዩተር እኮ እንደ ሕፃን ነው! ዛሬ ይሞቀዋል፣ ነገ ያመዋል፣ ከነገ ወዲያ አዲስ ካርድ ግዙልኝ ይላል።"

"አንተ ራስህ ኮምፒዩተር አይደለም እንዴ ያለህ?" አለችው ሹሩቅ።

"ስላለኝ ነዋ የማውቀው!"

ሁሉም ሳቁ። ጀባርም አብሮ ሳቀ፤ ነገር ግን "ክፍሌ ውስጥ" የምትለዋ ቃል ጆሮው ውስጥ እንደ ውኃ ቀረች። ሁለት ዓመት አንድ ነገር የለመነ ሰው በአንድ ቀን ሐሳቡን አይቀይርም። የቀየረው ሌላ ነገር አለ ማለት ነው።

እንግዶቹ ሲወጡ ሙሀነድ አጎቱ አጠገብ በር ላይ ቀረት አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

"ኻሉ፣ ቅር አይበልዎትና አንድ ነገር ልንገርዎ። ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ከዲማ ጋር ልታጠና እኛ ቤት ትመጣ የለ? ጥናት የለም። በእኔ ኮምፒዩተር ጌም ነው የሚጫወቱት።"

"ይጫወቱ። ምን አለበት?"

"እሱስ ምንም የለበትም። ግን ሹሩቅ ማዳመጫውን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ከአንድ ሰው ጋር ታወራለች። 'ሪዛሙ' ነው የምትለው። ባለፈው በኮሪደሩ ሳልፍ 'ሪዛሙ፣ አትተወኝ፣ ከኋላህ ነኝ' ስትል በጆሮዬ ሰማኋት።"

ጀባር የበሩን እጀታ እንደያዘ ቀረ። "ድምፁን ሰማኸው?"

"በማዳመጫ ውስጥ እንዴት እሰማለሁ? እኔ የሰማሁት የእሷን ነው። ኮምፒዩተሩ ክፍሏ ከገባ ደግሞ ማንም አይሰማም። እኔ ብሆን ፕሌይስቴሽኑን ገዝቼ ሳሎን አስቀምጠው ነበር።"

ጀባር ሙሀነድን በጥርጣሬ አየው። የሚሸጥ አሮጌ ፕሌይስቴሽን ይኖረው ይሆን? ወይስ ኮምፒዩተሩን ከሴቶቹ ማስመለስ ፈልጎ ነው? ሊሆን ይችላል። ቢሆንም ሰውየው ጥቅም ስላለው ብቻ ወሬው ውሸት አይሆንም። ሥራው ላይ እያለም ጎረቤታቸውን የሚያሳብቁ ሰዎች ሁሉም ቂም ነበራቸው፤ ግማሾቹ ግን እውነት ነበር የሚናገሩት።

ከዚያ ቀን ወዲህ ሰላም አጣ። ሪዛሙ። ስሙ ራሱ ያናድዳል። ሪዝ ያለው ሰው ነው፤ ሪዝ ካለው ልጅ አይደለም። ጀባር ባግዳድ ውስጥ ያለውን ሪዝ ሁሉ ጠላ፤ መስታወት ፊት ቆሞ የራሱንም ጭምር በክፉ ዓይን አየው።

ልጁን በነገር ሊፈትናት ሞከረ። "ሐሙስ ምን አጠናችሁ?" ይላታል። "ኬሚስትሪ" ትለዋለች፣ ቶሎ ብላ። በጣም ቶሎ። አንድ ቀን ዕቃ ስታጥብ ስልኳን ከጠረጴዛው አነሳው። የይለፍ ቁጥር ጠየቀው። የተወለደችበትን ዓመት ሞከረ፣ አልሆነም፤ የእሱን ዓመት ሞከረ፣ አልሆነም። ዞር ሲል ኒዳል በሩን ተደግፋ እያየችው ነበር።

"አቡ ሹሩቅ፣ ሌባ መያዙን ትተህ ሌባ ሆንክ?" አለችው፣ በልጁ ስም ጠርታ።

ስልኩን ወደ ቦታው መለሰው። ጆሮው ድረስ ቀላ። ስለ ሪዛሙ ግን ለሚስቱም አልነገራትም። ነገሩ ከአፉ ከወጣ እውነት ይሆናል ብሎ ፈራ።

ቃል ቃል ነውና ማጠፍ አልቻለም። በሰው ፊት ደረት ነፍቶ የተናገረ አባት "ሐሳቤን ቀየርኩ" ቢል፣ ልጅቷ ከዚያ በኋላ የትኛውን ቃሉን ታምናለች? ለምን ብላ ብትጠይቀውስ ምን ሊመልስላት ነው? ስለዚህ ሰበብ ፈለገ። ሰበቡም ሩቅ አልነበረም፤ ራሱ የሚያውቀው ነገር ነው። አምፔር።

የመንግሥቱ መብራት በቀን ውስጥ ለጥቂት ሰዓት ነው የሚመጣው። የቀረውን የሰፈሩ ጄኔሬተር ነው የሚሸፍነው። እነ ጀባር ከባለ ጄኔሬተሩ ስድስት አምፔር ይወስዳሉ። በስድስት አምፔር ውስጥ ማቀዝቀዣው፣ ማራገቢያው፣ የውኃ መሳቢያውና ቴሌቪዥኑ ተራ ጠብቀው ይኖራሉ። አንዱ ከመጠን ካለፈ መብራቱን የሚያቋርጠው ብሬከር ጠብ ይላል፤ ያኔ አንድ ሰው በሙቀት እየተራገመ ወደ ጥግ ሄዶ ያነሳዋል። ጀባር በዚህ ጉዳይ ከተናገረ ቤቱ ውስጥ የሚከራከረው የለም።

"ኮምፒዩተሩ ብዙ ይበላል" አላት ቅዳሜ ጠዋት።

"ከሁለት አምፔር አያልፍም ባባ። ከነስክሪኑ።"

"ማን ነገረሽ?"

ሹሩቅ ዓይኗን ዞር አደረገች። "የሚያውቅ ሰው።"

ያ መልስ ጀባርን ወጋው። የሚያውቅ ሰው። ሪዝ ያለው ሰው።

"ደህና" አለ፣ ጥርሱን ነክሶ። "ስናዓ ጎዳና ሄደን እናያለን።"

ስናዓ ጎዳና በእኩለ ቀን እንደ ምድጃ ይነዳል። ግራና ቀኙ ኮምፒዩተር ነው፤ በእጅ ጋሪ ስክሪን የሚገፋ፣ መንገዱ ላይ ገመድ የሚሸጥ፣ "ሐጂ፣ ግቡ፣ ቀዝቃዛ ውኃ አለ!" እያለ እጅ የሚጎትት። ጀባር እጁን የጎተተውን ሁሉ አልፎ፣ ማንንም ወደማይጠራ አንድ ሱቅ ገባ። ባለቤቱ ናጂ ይባላል። ቀጭን ነው፤ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰክቶ መነጽሩን የሚፈልግ ዓይነት ሰው።

ሹሩቅ የምትፈልገውን በወረቀት ጽፋ ይዛ ነበር። ናጂ አነበበና ቅንድቡን አነሳ። "ይህን የጻፈው ማን ነው? ያወቀ ሰው ነው። አንድ ዲናር አላባከነም።"

ጀባር በጎን ልጁን አያት። ፊቷ በኩራት በራ።

"ከፕሌይስቴሽን ጋር ሲተያይስ?" ብሎ ጀባር ናጂን ጠየቀው። "እውነቱን ንገረኝ፤ ለመሸጥ አትንገረኝ።"

"ዓይኔ፣ ሁለቱንም እሸጣለሁ፤ ምን ብዬ እዋሻለሁ? ፕሌይስቴሽን ርካሽ ነው፣ ጣጣ የለውም፣ ቴሌቪዥን ላይ ይሰካል። ጌሞቹ ግን ውድ ናቸው። ኮምፒዩተሩ ሲገዛ ያማል፤ በኋላ ግን ይሠራበታል፣ ይማርበታል፣ ሲያረጅ አንድ አንድ ዕቃው ይቀየራል። ደግሞ አንዳንድ ጌም ፕሌይስቴሽን ላይ የለም። ሰው የሚጫወተው ምንድን ነው? ከነማን ጋር ነው የሚጫወተው? ጥያቄው እሱ ነው።"

"ከነማን ጋር" አለ ጀባር። "አዎ። እሱ ነው ጥያቄው።"

ሹሩቅ መሬት መሬት አየች።

ጀባር ክፍት የሆነ ኮምፒዩተር ላይ ጎንበስ ብሎ ኃይል የሚሰጠውን ሣጥን አገላብጦ ጽሑፉን አነበበ። ሰባት መቶ ሃምሳ ዋት ይላል። ቀና ብሎ ድምፁን ከፍ አደረገ። "ሰባት መቶ ሃምሳ! ከሦስት አምፔር በላይ! ከነስክሪኑ አራት ሊደርስ ነው። 'ከሁለት አያልፍም' ያለሽ ሰው ዋሽቶሻል። እኛ ይህን ከሰካን በጨለማ ነው የምንኖረው። በቃ፣ ፕሌይስቴሽን ነው።"

ጀባር ይህ ቁጥር ሣጥኑ ሊሰጥ የሚችለው ትልቁ መጠን እንጂ ኮምፒዩተሩ የሚበላው እንዳልሆነ አሳምሮ ያውቃል። ለአዲስ ሠራተኞች ሲያስተምር የኖረው ራሱ ነው። ግን ልጅቷ አታውቅም ብሎ አሰበ።

ናጂ መነጽሩን ግንባሩ ላይ አገኘና አወረደ። "ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እሱ ጣሪያው ነው። መኪና ሁለት መቶ አርባ ይሄዳል ተብሎ ቢጻፍበት ሰፈር ውስጥ በሁለት መቶ አርባ ይነዳል? ይልቅ እንለካው።" ከመሳቢያው መለኪያውን አወጣ።

"የአንተን መለኪያ አላምንም።"

"እንግዲያው ከጎረቤቴ ላምጣ?"

"ጎረቤትህ ጓደኛህ ነው።"

በሩ ላይ ቆሞ ገመድ የሚመርጥ አንድ ጎልማሳ ሳቀ። "አባት፣ እኔ የሊፍት ሠራተኛ ነኝ፣ የራሴ መለኪያ አለኝ፣ ይህንን ሰውዬ ደግሞ አላውቀውም፤ ገመድ በውድ ሊሸጥልኝ ስለሆነ እንዲያውም ጠላቴ ነው።"

ከዚህ በኋላ እምቢ የሚባልበት መንገድ አልነበረም። ናጂ ከባዱን ጌም ከፈተ፤ ኮምፒዩተሩ ማጉረምረም ጀመረ፤ የሊፍቱ ሠራተኛ ሽቦውን በመለኪያው አፍ ውስጥ አስገባ። ሁሉም አንገታቸውን አሰገጉ። አንድ ነጥብ ስድስት። ከነስክሪኑ።

"እሺ" አለ ጀባር። "ሰማሁ።"

ሹሩቅ ግን ቁጥሩን አላየችም። የምታየው የአባቷን ፊት ነበር። የማያውቀውን ነገር ሲረዳ የሚደነቅ ሰው ፊት አልነበረም፤ ሲያዝ የሚያፍር ሰው ፊት ነበር።

ምንም ሳይገዙ ወጡ። ሚኒባስ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጡ። የመኪናው መስኮት ክፍት ነው፣ የሚገባው ግን ነፋስ ሳይሆን ወበቅ ነው። ድልድዩን እስኪሻገሩ አልተነጋገሩም።

"ታውቅ ነበር" አለች ሹሩቅ።

"ምኑን?"

"ስለ ቁጥሩ። ሠላሳ ዓመት ኤሌክትሪክ ላይ ሠርተህ ይህን አታውቅም? አውቀህ ነው የዋሸኸኝ። በሰው ፊት።"

ጀባር ዋሸሽ ሊላት ሲያደባ ከርሞ አሁን ውሸታሙ እሱ ሆኖ ተገኘ።

"ኮምፒዩተሩም ፕሌይስቴሽኑም ይቅርብኝ" አለች። ድምጿ አልተንቀጠቀጠም፤ ይህ ከልቅሶ ይልቅ አስፈራው። "አልፈልግም። ከእንግዲህ አልጠይቅህም። ምንም ነገር አልነግርህም።"

ፊት ለፊታቸው የተቀመጡት አሮጊት ጆሯቸውን ወደነሱ አዘነበሉ። ጀባር አልቻለም። ሁለት ሳምንት ጉሮሮው ላይ የተሰካው አጥንት ወጣ።

"ሪዛሙ ማን ነው?"

ሹሩቅ አፏን ከፍታ ቀረች። ከዚያ ሳቀች። ሳቋ መሐል ላይ ተሰበረና ፊቷን በሻርፗ ጫፍ ሸፈነች። አሮጊቷ ውኃ ዘረጉላት።

"ሪዛሙ ረውነቅ ናት" አለች፣ ውኃውን ከጠጣች በኋላ። "የሞሱል ልጅ ናት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ወረቀቱንም የጻፈችልኝ እሷ ናት፤ የራሷን ኮምፒዩተር ራሷ ነው የገጠመችው።"

"ሴት ልጅ ሪዛሙ ተብላ?"

"ታዲያ በስሟ ትግባ? መጀመሪያ እኔ በስሜ ገብቼ ነበር። አንድ ወር አልቆየሁም። የማላውቃቸው ሰዎች የጻፉልኝን ለእማማ እንኳ ላሳያት አልቻልኩም፤ ለአንተ ደግሞ እንዴት አሳይሃለሁ? ዲማ ናት የመከረችኝ። አሁን አራት ነን፣ ሁላችንም የወንድ ስም ነው ያለን። ድምፃችንን የምንሰማው እኛው አራታችን ብቻ ብንሆንም ስንጠራራ እንደ ወንድ ነው፤ ስንጽፍ እንዳያመልጠን። ወንድ ነው ብለው ካሰቡ የሚሰድቡት ተኩሱን ሲስት ብቻ ነው።"

"ያንቺ ስም ማን ነው?"

አመነታች። "ሐጂ ሙተሸር" አለች፤ የሽማግሌ ስም ነበር።

አሮጊቷ ውኃቸውን እየጠጡ ትን አላቸው። ጀባር ግን አልሳቀም። ታሪኩ ጥሩ ነበር። በጣም ጥሩ ነበር። በዕድሜው ጥሩ ጥሩ ታሪክ የነገሩት ሰዎች ቤት ነው ብዙ ሽቦ ያገኘው።

"ድምጿን አሰሚኝ" አለ።

ቤት እንደገቡ ሹሩቅ ስልኳን ሳሎን ጠረጴዛ ላይ አኖረችና ድምፁን ከፍ አደረገች። ኒዳል እጇን በፎጣ እየጠረገች መጣች። ስልኩ ጠራ። ተነሳ።

"ሐጂ!" አለ ቀጭን የሴት ልጅ ድምፅ። "ምን ሆነ? ገዛችሁት? ግራፊክስ ካርዱን አሮጌ እንዳይሰጧችሁ ብዬ..."

ጀባር ትንፋሹን ለቀቀ። ገና ሳይጨርሰው ከዚያኛው ወገን በር ተበረገደና የወንድ ድምፅ ጮኸ።

"ያዝኩሽ! ሐጂ ያልሽው ሰውዬ ነው? አምጪው ስልኩን! አንተ! አንተ ሽማግሌ! አታፍርም? ለሰው ልጅ እየደወልክ? ሐጂስ ነህ፤ የት አገር ነው ሐጅ ያደረግከው?"

ጀባር ብድግ አለ። "አንተስ ማን ነህ? ሪዛሙ አንተ ነህ?"

"ሪዜ ምን አደረገህ? እኔ የረውነቅ አባት ነኝ!"

"በምን አውቃለሁ?"

"አንተ በምን ታውቃለህ? እኔ ነኝ እንጂ ጠያቂው! ሐጂ ሙተሸር፣ ሐጂ ሙተሸር ስትል ወር ሙሉ እንቅልፍ አጥቻለሁ!"

ጀባር ቀስ ብሎ ተመልሶ ተቀመጠ። ወር ሙሉ። እሱ እንኳ የታመመው ሁለት ሳምንት ነው።

"ወንድሜ" አለ። "ሐጂ ሙተሸር ሴት ልጄ ናት።"

ከስልኩ ወዲያ ረውነቅ እያለቀሰች ይሁን እየሳቀች አይለይም።

"ውሸት" አለ የሞሱሉ ሰውዬ። ድምፁ ግን ለስልሷል።

ጀባር በወታደርነቱ ሞሱል ሁለት ዓመት ኖሯል፤ ያዝኩህ ብሎ ስለ ሰፈሩ፣ ስለ ድልድዮቹ፣ ስለ ገበያው ጠየቀው። ሰውየው ሁሉንም በዚያ በሞሱሎች አነጋገር መለሰ። እሱም በተራው ጀባርን ስለ ባግዳድ ጠየቀ። ጀባር መለሰ። ሁለቱ እንዲህ ሲመረማመሩ ኒዳል ወንበር ስባ ተቀመጠች፣ እንደ ተከታታይ ድራማ ታዳምጣለች።

በመጨረሻ ጀባር፣ "ስንት አምፔር ነው የምትወስዱት?" አለ።

"አራት። እናንተስ?"

"ስድስት።"

"ስድስት? ሀብታም ነሃ! እኔ እሷ ስትጫወት ማራገቢያ አጥፍቼ እንደ ዶሮ አፌን ከፍቼ ነው የምቀመጠው።"

"ታዲያ ለምን ፕሌይስቴሽን አልገዛህላትም?"

"ፕሌይስቴሽን የሰጧትን ይጫወታል። ይህን ግን ራሷ ፈትታ ራሷ ትገጥመዋለች። ባለፈው የጎረቤታችንን አበጀችለት።" ሰውየው ድምፁን ዝቅ አደረገ። "አቡ ሹሩቅ፣ አንድ ነገር ልለምንህ። ስማቸውን ለማንም እንዳትናገር። ከተሰማ መጫወቻ የላቸውም።"

ስልኩ ሲዘጋ ሹሩቅ ወደ ክፍሏ ገባች። "ይኸው" አላለችም፣ "አየህ" አላለችም።

ጀባር ሳሎን ብቻውን ቀረ። አንድ ሐሳብ ደግሞ መጣበት። የሰማው ድምፅ ብቻ ነው። አንዲት ልጅና አንድ ሰውዬ። አባቷ ባይሆንስ? የሞሱል አነጋገር ይጠናል። ጉዳዩን እየፈተለ ምሳው ቀዘቀዘ። ሞሱል ሄዶ በራቸውን ቢያንኳኳ እንኳ፣ በሩን የከፈተለትን ሰው እንደገና ሊጠረጥር ነው። ማብቂያ የለውም። አንድ ነገር ግን እርግጠኛ ነበር፦ በሚኒባሱ ውስጥ "ምንም ነገር አልነግርህም" ስትል አልዋሸችም።

በማግሥቱ ጠዋት ስናዓ ጎዳና ብቻውን ሄደ። ናጂ ሲያየው ተነሳ። "ሐጂ፣ ለሌላ ልኬት ነው?"

"ጠቅልልልኝ" አለ ጀባር። "በወረቀቱ ላይ ያለውን። ምንም ሳትቀይር።"

የሹሩቅን ክፍል በር አንኳክቶ ሣጥኖቹን ወለሉ ላይ ሲደረድር ልጅቷ አልጋዋ ላይ ቁጭ ብላ አየችው። እሱም ወገቡን ይዞ ቆመ። "ሱቅ ውስጥ ዋሽቼሻለሁ" አለ። "ስልክሽንም ልከፍት ሞክሬያለሁ። እንቢ አለኝ።"

ሹሩቅ ሣጥኖቹን በዓይኗ ቆጠረች። "የተወለድኩበትን ዓመት ነው የሞከርከው?"

"የእኔንም።"

ከንፈሯን ነከሰች፣ ሳቅ ልታፍን። ከዚያ ከአልጋዋ ወርዳ አንዱን ሣጥን ወደሷ ሳበች። "ያንኛውን ያዝልኝ። በጥንቃቄ።"

ሐሙስ ከሰዓት ሙሀነድ መጣ። ሳሎን ተቀምጠው ሐብሐብ ሲበሉ ከክፍሉ የሹሩቅ ድምፅ ተሰማ። "ሪዛሙ! ግራ፣ ግራ! ና ሸፍነኝ!"

ሙሀነድ ሹካውን ጣለ። "ኻሉ! ሰሙ? ይኸውልዎ!"

"ሰማሁ።"

"ታዲያ? ማን እንደሆነ አወቁ?"

"አውቄዋለሁ። አባቱንም አውቃለሁ።"

"የማን ልጅ ነው?"

"የጨዋ ሰው ልጅ ነው። ብላ።"

ሙሀነድ አጎቱን ትኩር ብሎ አየው። ይህ ሰው አንድ ነገር እየደበቀ ነው፤ ግን ምን? ሐብሐቡን ሲያኝክ እንኳ ዓይኑን ከእሱ ላይ አላነሳም።

ጀባር ዘሩን ሳህኑ ላይ ተፋ። ከክፍሉ ሳቅ ተሰማ፣ ቀጥሎ ሹክሹክታ፣ ቀጥሎ ዝምታ። ዝምታው ረዘም አለ። ጆሮው ሳያዘው ወደ በሩ ዞረ፤ ጉልበቱም ሊነሳ ተሰናዳ። እሱ ግን ሌላ ቁራጭ ሐብሐብ አነሳና እዚያው ተቀመጠ።